ከጣባው ሥር ያለው ስም

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ ለመሕቡባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ማለዳ ማለዳ ያስቸግርሻል? የጅዳው ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ባለቤትሽ ሙሀይሚን ሥራው እንዴት ይዞታል? ሃፊዛዬስ? የፊት ጥርሷ ወለቀ ብለሽኝ ነበር፣ በቀለላት? እኛ አልሐምዱሊላህ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። አባባ ደህና ናቸው። እማማም ክረምት ሲመጣ ጉልበቷ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል እንጂ ደህና ናት።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ሲደወል አባባ ካጠገቤ አይጠፉም፤ ድምፁን ከፍ አድርጊው ይላሉ፣ ከዚያ ወሬው ሁሉ የሳቸው ይሆናል። እኔ ደግሞ ይህን ነገር ሳልቋረጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላጫውትሽ ፈለግሁ። ለአረፋ መጥታ የነበረችው ጎረቤታችን ሀሊሜ ሐሙስ ወደ ጅዳ ስለምትመለስ ደብዳቤውንና ሁለት እቃ አስይዣታለሁ። በፎጣ ጠቅልያቸዋለሁና ስትፈቺ ቀስ በይ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የአባባ የልብስ መስፊያ ክፍል የእኔ መሥሪያ ሆናለች። ዓይናቸው ክር አላሳልፍ ብሏቸው ሥራውን ከተዉ በኋላ የስፌት መኪናቸውን ወደ ጥግ ገፋ አድርጌ ገባሁበት። ከሆሳዕና ከተማ ወዲያ የሚመጣውን ነጭ አፈር እዚያው አጣራለሁ፣ አቦካለሁ፣ ስኒና ሳህን እሠራለሁ፣ አዲስ አበባ ስልጠና ላይ ሳለሁ በገዛኋት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ እተኩሳለሁ። ፖርሴሊን የሚሉት ነው፤ ተተኩሶ ከወጣ በኋላ ወደ መስኮት ብታነሺው የጣትሽ ጥላ በወዲያ በኩል ይታይሻል። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ፣ ሰው ይደውላል፣ በሚኒባስ እልካለሁ። አንዳንዱ ደግሞ ቤት ድረስ መጥቶ ይገዛል። ያኔ አባባ የሶላት ሰዓት ባይሆንም ተነስተው ወደ መስጊድ ይሄዳሉ።

ምክንያቱ አይጠፋሽም። በእኛ ዘንድ ነግዶ ያደረ ሰው ይከበራል፤ ሸክላ የሠራ ግን ምን እንደሚባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ክትፎውን በጣባ እየበላ ጣባ ሠሪዋን ከደጁ የሚመልስ ሰው ሞልቷል። አባባ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰው ሲጠይቃቸው ግን "ልጄ ስኒ ከመርካቶ እያመጣች ትነግዳለች" ይሉ ነበር። እኔም ቆሜ እሰማለሁ። አንድ ቀን ከስኒው ሥር ስሜን ልጻፍበት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ስማችንን ጭቃ ላይ አታድርጊው" አሉኝ። ያን ቀን አልቅሻለሁ፣ ከአንቺ አልደብቅም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት እቃ ሁሉ ሥሩ ባዶ ነበር።

ሚያዝያ ላይ እትዬ ዘይባ የሚባሉ፣ አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ያላቸው የአገራችን ሰው ደወሉልኝ። ለአረፋ የሚደርስ አርባ ነጭ ጣባ ፈለጉ። አንድ ነገር ግን አጥብቀው አሳሰቡኝ፤ የሠሪው ስም ከሥሩ ይኑርበት፣ እንግዳ በጠየቀኝ ቁጥር አላውቅም ማለት ሰልችቶኛል አሉ። እሺ አልኩ። እሺ ያለው አፌ ነው እንጂ ሆዴስ አባባን እያሰበ ነበር። ትእዛዙን ብመልስ፣ ይህን ጭቃ ትተሽ ሱቅ ተቀመጪ እያሉ የሚጨቀጭቁኝን ዘመዶች እውነተኛ ላደርጋቸው ነው። ብቀበል ደግሞ አባቴን በሰው ፊት ላሳፍር ነው።

ሐሳቤ እንዲህ ተከፍሎ ሳለ ነው ያን የሞኝ ሥራ የሠራሁት። የእማማን ጣባ፣ ያን ቅቤ ጠጥቶ የጠቆረውን፣ ፊቴ አስቀምጬ ልክ እሱን የሚያክል አስራ ሁለት ሠራሁ። ነጩ አፈር እሳት ሲያገኘው እንደሚያንስ የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ስኒ ትንሽ ቢያንስ የሚጠይቀኝ ስለሌለ ነገሩን ንቄው ነበር። ምድጃውን ስከፍት አስራ ሁለት ሕፃናት ጣባዎች ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። እማማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "ክትፎው ለድመት ነው?" አለችና አንዷን ወስዳ ጨው አስቀመጠችባት።

አባባ ሳቁን ሰምተው ከስንት ጊዜ በኋላ ወደ መሥሪያዬ ገቡ። ትንሹን ጣባና የእማማን ጎን ለጎን አዩ። ከዚያ ያን የምታውቂውን ቁጣቸውን፣ የሰው ጨርቅ የተበላሸ ዕለት የሚቆጡትን፣ ተቆጡኝ። "አቡጀዲ ውኃ ሳይነካው ይቆረጣል? ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?" አሉ። የተቆጡት ሸክላ በመሥራቴ አልነበረም፤ በደንብ ሳልለካ በመሥራቴ ነው። ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ አቧራ የለበሰውን ሜትራቸውን አወረዱ። ከጭቃው አስራ ሁለት ሳንቲሜትር አስቆረጡኝ። ተተኩሶ ሲወጣ ለኩት፣ አስር ሆኗል። በእርሳስ አሰሉና ጣባው እርጥብ እያለ ምን ያህል መስፋት እንዳለበት ነገሩኝ። ልብስም ቢሆን ሲታጠብ የሚያጥረው ተጨምሮ ነው የሚቆረጠው አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዐስር ሶላት ከሰገዱ በኋላ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ይመጡ ጀመር። ጭቃ አይነኩም፤ መለካት ብቻ ነው። አንዱ ትንሽ ከጠበበ እንደ ልብስ "ይቺ ትፈታ" ይላሉ፣ እኔም መልሼ አቦካታለሁ። በምንተኩስበት ቀን የመብራቱ ኃይል እንዳያንስ ብለው ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ እንዳይሰካ ራሳቸው ዞረው ለመኑ። ምን ልትሠሩ ነው ሲሏቸው ግን ቤት ውስጥ ጉዳይ አለብን ብለው አለፉ። ስሰማ ሳቄም መጣ፣ ከፋኝም።

የስሙ ነገር አልተነሳም። በመጨረሻ እሳቸው ለመግሪብ ሶላት ሲወጡ ጠብቄ ከየጣባው ሥር "ሰልሚያ" ብቻ ብዬ ጻፍኩ። የሳቸውን ስም ተውኩት። የእኔ ብቻ ከሆነ እሳቸውን አይነካም ብዬ ነው። አርባውን ለእትዬ ዘይባ ላክሁ፣ አምስት ተረፈን።

ከእርዱ በፊት በሚውለው የሴቶች አረፋ እማማ በትንንሾቹ ጣባዎች ጎመንና አይብ አቀረበች፤ እነሱም ሥራ አላጡም። በእርዱ ቀን አጎታችን አብዱልሃፊዝ ከእንሴኖ ከነቤተሰባቸው መጡና ቤቱ ሞላ። እማማ እኔን ሳታማክር ክትፎውን በነጮቹ ጣባዎች አቀረበች። አጎቴ በልተው ሲጨርሱ ጣባውን ወደ ብርሃን አነሱና "ሙስተፋ፣ ይሄ የቻይና ነው የዱባይ?" አሉ። ሰው ሁሉ ወደ አባባ ዞረ። እኔ የእጅ ውኃ ይዤ ቆሜያለሁ። አባባ ጣባውን ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ ገልብጠው ከሥሩ ያለውን አነበቡ። ለረጅም ጊዜ ያዙት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና "ሰልሚያ የማን? አባት የላትም?" አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ወደ አጎቴ ዞረው "የቻይናም የዱባይም አይደለም፣ ከጓሮዬ ነው። የለካሁት እኔ ነኝ፣ የሠራችው ልጄ ናት" አሉ።

አጎቴ ማሻ አላህ አሉ። ባለቤታቸው ጣባውን ገፋ አድርገው በሌላ ሳህን እንዲሰጧቸው ጠየቁ፤ አልዋሽሽም፣ እንዲህም ሆኗል። አባባ እንዳላየ ሆነው በነጩ ጣባ ድጋሚ አስጨመሩ። እኔን እማማ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ለካ ውኃውን ግማሹን እግሬ ላይ አፍስሼዋለሁ። ደስታዬን እንዴት አድርጌ እንደምነግርሽ አላውቅም፣ መሕቡባ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ክፍሌ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ጨርቅ በሚያሰምሩበት ጠመኔ "ሰልሚያ ሙስተፋ" ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። የእጅ ጽሑፋቸውን ታውቂዋለሽ፤ የመጨረሻዋን ፊደል እግሯን አስረዝመው ነው የሚጥሏት። ከዚያ ወዲህ በሠራሁት የመጀመሪያ ጣባ ላይ ልክ እንደዚያው አድርጌ ጻፍኩት። ያንቺ እሱ ነው። ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ጎበጥ ብሏል፤ አባባ ይፈታ ብለው ነበር፣ እኔ ግን እንቢ አልኩ። ትንሿ ደግሞ የሃፊዛ ናት።

ሙሀይሚንን አጥብቀሽ ሰላም በይልኝ። ሃፊዛን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እማማ ወገብሽን ብርድ እንዳታስመቺው፣ ማራገቢያው ሥር እንዳትተኚ ትልሻለች፤ ሦስት አረፋ ያለ አንቺ አሳለፍኩ ብላም ትቆጥራለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሻል። አባባም ሰላም ብለውሻል። ጣባው ሲደርስሽ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለክተሽ አስራ ስምንት ሳንቲሜትር መሙላቱን እንድትነግሪያቸው አዘዋል፣ እንዳትረሺ።

ምግብ ሳታደርጊበት በፊት ግን ገልብጠሽ እዪው። ከስሙ ግማሹ ያንቺም ነው።

ታናሽ እህትሽ ሰልሚያ
ቡታጅራ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.