ብርቱካን ስመርጥ የዘገየሁበት ቀን

አሰላሙ አለይኩም አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሞላ፤ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ቀይዋ ላም ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሴት ናት። እማዬ ሬዲዮኑን አንተ ትከፍት በነበረበት ሰዓት ትከፍተዋለች፤ ግን አታዳምጠውም። ጨፋ ማሳችን ላይ ያለውን ማሽላ ወንድሜ ሰኢድ ብቻውን እየጠበቀው ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ፊዚክስ ማስተማሬን ቀጥያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪዬ ስለ ዎርምሆል ጠየቀችኝ፤ ጠፈር ታጥፎ ሁለት ሩቅ ቦታዎችን ያገናኛል ስለሚባለው ቀዳዳ። አንተም ጠይቀኸኝ ነበር። የሽርጥህን ሁለት ጫፎች አገናኘሁና፣ ይሄኛው ደብረ ብርሃን፣ ያኛው ከሚሴ፣ እዚህ ላይ ቢበሳ ብርሃንን የሚቀድም አቋራጭ ይሆናል አልኩህ። አንተም እየሳቅክ፣ መንገዱስ ጥሩ ነበር፣ ሽርጤን እንዳትበሽው እንጂ አልከኝ።

ለተማሪዬ እውነቱን ነገርኳት። ሒሳቡ ይፈቅደዋል፣ ያየው ግን የለም። ቢኖር እንኳ ብርሃን ሳያልፍበት ይዘጋል ይላሉ፤ ክፍት አድርጎ የሚያቆየውን ማንም አላገኘም። ከብርሃን የፈጠነ ሰው ትናንት ላይ ይደርሳል ወይ ስትለኝ ግን ሰሌዳውን መጥረግ ጀመርኩ።

አንተ የተለየኸን ቀን ሰኢድ ጠዋት ደወለልኝ። አባዬን ትንሽ አሞታል፣ ነይ አለኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም ብሎ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ድምፁ በብርሃን ፍጥነት ደረሰኝ፣ እውነቱ ግን ከሚሴ ቀረ። መኪና ውስጥ ስገባ ሁሌ በቁልምጫ ስሜ «ሱታ፣ ቀስ በይ ልጄ» ትለኝ አልነበር? ቀስ አልኩልህ። ከሚሴ ሳልደርስ ጨፋ ሮቢት ላይ ወርጄ ለታመመ አባቴ ብርቱካን መረጥኩ። አንዱን ሳነሳ አንዱን ስመልስ ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ፤ ሌላ እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ቤት ስደርስ ሰዉ ከቀብር እየተመለሰ ነበር። እስከ አስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ጠብቀውኛል፤ ጀናዛ ከዚያ በላይ አይቆይም። ፊትህን ሳላየው ቀረሁ፣ ብርቱካኑን እንደያዝኩ።

ሰኢድ እስካሁን ዓይኔን አያየኝም። አልተቀየምኩህም ልለው እፈልጋለሁ፤ ግን ስለ ማሽላው እጠይቀዋለሁ።

ሽርጥህ እኔ ጋ ነው፣ ጠረንህ ግን እያለቀ ነው። አንዳንዴ ሁለቱን ጫፎች አገናኝቼ እይዛቸዋለሁ፤ አንዱ ጨፋ ሮቢት፣ አንዱ የቤታችን በር። ስለቃቸው ይለያያሉ። ከዚህ በላይ የማውቀው ፊዚክስ የለም፣ አባዬ። አልረሳህም፤ እጄ እስከቻለ ድረስ እይዛቸዋለሁ።

ልጅህ ፋጡማ