በመጽሐፍ የገባ መኸር

ኦገስት 6
ሙቀት። ሸሚዝ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ።
ባለቤቴ ቺዙ ዐይኗ ከጠፋ ስምንት ወር ሆነ። ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ውጭው ምን ይመስላል?» ትለኛለች። ከጠረጴዛዬ ሳልነሳ እነግራታለሁ። ገጣሚ አይደለሁ? ለየወቅቱ ግጥም የሚሆኑ ቃላት የተዘረዘሩበትን መጽሐፌን እገልጣለሁ... የወሩ አበባ፣ የወሩ ወፍ፣ የወሩ ጤዛ፣ ሁሉም ተሰልፎ ይጠብቀኛል። መነጽር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ኦገስት 8
በመጽሐፉ መሠረት ዛሬ መኸር ገባ። መጽሐፉ የጥንቱን ዘመን አቆጣጠር ይከተላል። ፀሐይዋ ግን አላነበበችውም።
የግጥም ማኅበራችን ተሰበሰበ። ዘጠኝ አዛውንት፣ አንድ ማራገቢያ። ስለ ቀዝቃዛው የመኸር ነፋስ ጻፍን። አዲሷ አባላችን ወይዘሮ ኩኒኤ «ይቅርታ መምህር፣ ነፋሱ የት አለ?» አለች።
መምህር ኢሶጋይ ላቡን እየጠረገ «ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ» አላት።
ሳቅንባት። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ... ለምን?

ኦገስት 9
ቺዙ ጠየቀች። «መኸር ገብቷል፤ ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሏል» አልኳት።
«ታዲያ ጀርባዬ ላይ ውሃ የሚደፋብኝ ማነው?»
«በስሱ እኮ ነው የሚነፍሰው...»
«አንተ ሰውዬ፣ የጠፋው ዐይኔ ነው። ቆዳዬ አለ።»
እሷ ቀጠለች።
«የድልድዩ ቼሪ ዛፍ ዲሴምበር ላይ ተቆርጧል። ዓሣ ሻጩ ነገረኝ። አንተ ግን ኤፕሪል ላይ ‹አበባው ውሃው ላይ እየረገፈ ነው› አልከኝ። አልቅሼለታለሁ፤ እውነቱን የሰማሁት በማግስቱ ነው።»
«ምነው ያኔ አልተናገርሽ?»
«መቼ ወጥተህ እንደምታይ ላይ ብዬ።»

ኦገስት 10
አልጠየቀችም።

ኦገስት 17
ዛሬም አልጠየቀችኝም። የምትጠይቀው ዓሣ ሻጩን ነው። በጓሮ በር ብቅ ይልና «እሜቴ፣ ባሕሩ ዛሬ እንደ አሮጌ ብረት ድስት ሆኗል!» ይላታል። ከልቧ ትስቃለች። ድስት! የትኛው ገጽ ላይ ነው ድስት ያለው?
በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ በዓሣ ሻጭ ቀናሁ።

ሴፕቴምበር 3
ወጣሁ። መጽሐፉን ቤት ትቼ። ምን እንደሚታይ ግራ ገባኝ... አርባ ዓመት ስለ ፌንጣ ጽፌያለሁ። ዛሬ አንዱ እጄ ላይ ሲያርፍ ጮህኩ።
ለቺዙ ሳልጠየቅ ነገርኳት። «የቼሪው ጉቶ ላይ የቢራ ጣሳ አለ።»
«ባዶ ነው?»
«አላየሁም።»
«ይኸው!» አለች። ግን ፊቷን ወደኔ አዞረች።

ሴፕቴምበር 23
ማኅበሩ ዛሬ ስለ ጨረቃ ይጽፋል። ቀረሁ። (ደግሞ ደመና ነው።)
በሩዝ ማሳው ዳር «የመቃብር አበባ» የምንለው ወጥቷል። ትናንት ባዶ አፈር ነበር፤ እምላለሁ፣ ቆሜበት ነበር። ቅጠል የሚባል የለውም፤ ዘንግ ብቻ፣ አናቱ ላይ ቀይ። እግሬ ቆመ። አንድም ግጥም አልመጣልኝም... ደስ አለኝ መሰለኝ። ወይስ ፈራሁ?
ሮጬ ገባሁ። ነገርኳት።
«ምን ዓይነት ቀይ?»
«አላውቅም። ቆርጬ ላምጣልሽና...»
«አበድክ? እሱ አበባ የገባበት ቤት ይቃጠላል! እናትህ አልነገረችህም?» ግድግዳውን እየዳበሰች ተነሳች። «ጫማዬን አቀብለኝ።»
ዐይኗ ከጠፋ ወዲህ ከሐኪም ቤት በቀር የትም አብራኝ ወጥታ አታውቅም። የማሳው መንገድ ጠባብ ነው፤ በሁለቱም በኩል ቦይ። ክንዴን ያዘች። ስለ ሰማዩ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።
«ድንጋይ» አልኳት።
ሳትጠይቅ እግሯን አነሳች።