የታሸገው አዋዜ

ለታላቅ እህቴ ለዘውድዬ፣ አሶሳ ካለሽበት፤

እንደምን አለሽልኝ፣ እትዬ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ባለፈው ደረጃ መውጣት አቃተኝ ካልሽኝ ወዲህ ሐሳቤ አንቺ ዘንድ ነው። ጋሼ ሐዲስስ እንዴት ናቸው፣ ዓይናቸውን ታከሙ ወይስ አሁንም ዛሬ ነገ እያሉ ነው? ቤዚስ ከነልጇ ደኅና ናት? ሙቀቱስ ጋብ አለላችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም በቁማችን አለን። የአዳማ ንፋስ እንደምታውቂው ነው፤ ጠዋት የጠረግሁትን ደጅ ከሰዓት መልሶ አቧራ ያለብሰዋል። ጾሙንም ይዘነዋል፣ ብዙም አልከበደኝም። ሰላምታውን እንዲህ ያበዛሁት ወደ ነገሩ መግባት ፈርቼ ነው።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ሦስት ጊዜ ልነግርሽ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ንፋሱ አውርቼ ዘጋሁት። ወረቀት ፊቴን አያይም፣ ድምፄንም አይሰማም። ጎረቤታችን ሽኩር በጭነት መኪናው አሶሳ ድረስ ዕቃ ስለሚያደርስ በእጅሽ ይሰጥሻል። እኔ ፊደል የለቀምኩት ከወፍጮ ቤት ጆንያና ባሌ ዱጋሳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያመጣልኝ ከነበረው አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። የተጣመመ ብታገኚ እያቃናሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። የልጄ የትህትና ሰርግ ለግንቦት ሦስት ተቆረጠ። ልጁ ጫምሳ ይባላል፣ የቢሾፍቱ ልጅ ነው፣ አበባ እርሻ ላይ ይሠራል። ሽማግሌ ሲልክ አባቱ መጥተው ሲቀመጡ እንኳ ወንበሩን ቀስ ብለው ነው የሳቡት፤ ጨዋ ቤተሰብ ነው። አባቷ ቢኖር እንዴት ደስ ባለው።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። እኔ እህትሽ በዚህ ዕድሜዬ በአንድ ብልቃጥ ቀናሁ።

የልጄ የሰይፈሚካኤል ሚስት ቢሊሴ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት እንደምትሠራ ነግሬሽ ነበር። ከኔው ጋር ነው የሚኖሩት። ማለዳ በሰርቪስ ወጥታ ሲመሻሽ ትገባለች፣ ደክሟት ትገባለች። ስለዚህ ከሱፐርማርኬት የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት በብልቃጥ፣ ዝንጅብል በብልቃጥ፣ የቲማቲም ድልህ በብልቃጥ እየገዛች መጣች። አሳለፍኩት። ጥር ላይ ግን አዋዜ ይዛ መጣች። እኔ ባለሁበት ቤት አዋዜ! ቢሊሴ ክፉ ልጅ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ነገሩ በቀለለኝ። እናቷን በምትጠራበት ስም እኔንም አዮ ነው የምትለኝ፤ ያን ቀንም “አዮ፣ የርስዎ እስኪደርስ ብዬ ነው” ብላ በሁለት እጇ ነው ያሳየችኝ።

ክዳኑ ሲከፈት ጧ አለ። ቀለሙ ደማቅ፣ ላዩ ላይ ዘይቱ ጠርቶ ተኝቷል። በጣቴ ቀመስኩትና እንከን ስፈልግለት ሰነበትኩ። ጨው በዝቶበታል አልኩ፤ አልበዛበትም። ኮረሪማ የለውም አልኩ፤ ትንሽ ቆይቶ ከጉሮሮዬ ሥር ብቅ አለ። አንድ ነገር ብቻ አገኘሁበት፣ ከመጠን በላይ የላመ ነው፣ ጥርስ ላይ የሚቀር ፍሬ የለውም። ይህንኑ ጮክ ብዬ ብናገር ሰይፈሚካኤል “ለዚያ እኮ ነው የወደድኩት እማዬ፣ ጥርሴ ውስጥ አይገባም” ብሎ ሳቀብኝ። የኔን ታውቂዋለሽ። የማረቆ በርበሬ መርጬ፣ ቀንጥሼ፣ አጥቤ፣ ጥላ ሥር አጠንፍፌ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከበሶብላው ጋር በሙቀጫ ወቅጬ፣ በማሰሮ ከድኜ ሦስት ሳምንት አቆየዋለሁ። ወገቤን ይዤ የምሰነብትበትን ነገር እሷ ከሰርቪስ ወርዳ ቤት እስክትደርስ ባለው መንገድ ታገኘዋለች።

አንድ እሑድ የተቀቀለ ድንች አቀረብኩና ፍሬው እንዳይናገር በወንፊት ያሳለፍኩትን የኔንና የብልቃጡን በሁለት አንድ ዓይነት ሰሃን አድርጌ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ሳልናገር ፊታቸው አስቀመጥኩ። ልጄ ምን ሊለኝ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ሰይፈሚካኤል ሁለቱንም አጠቀሰ፣ ከዚያ የብልቃጡን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና “ይሄ ያንቺ ነው። እኔ መች ይጠፋኛል እማዬ” አለኝ። በኔ አዋዜ ያደገ ልጅ። ቢሊሴ አየችኝ። እሷ ለይታዋለች፣ ከፊቷ አወቅሁ። ግን ባሏን ሳታርም የኔን ሰሃን ወደ ራሷ ስባ በላች። አዝናልኝ ነው። ያ ማዘኗ ከልጄ ስሕተት ይልቅ አቃጠለኝ።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ትህትና ለሰርጉ በየጠረጴዛው አንድ አንድ ብልቃጥ ይቀመጥ አለች። “ያንቺ እኮ ይጣፍጣል እማ፣ ማን አይጣፍጥም አለ? በማሰሮ እየቀዱ ማዞር ቀረ ለማለት ነው። ብልቃጡ ለፎቶም ያምራል። አንቺ ለፍተሻል፣ ጥሩ ልብስ ለብሰሽ ተቀመጪ” ብላ ሳመችኝ። ተቀመጪ! ጡረታ የሚወጣ ሰው ወረቀቱን ሲቀበል እንዲህ ሳይሰማው አይቀርም።

በማግስቱ ሁሉም ወደየሥራቸው ሲሄዱ ብልቃጡን ከፍሪጅ አወጣሁና መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የተጻፈበትን ማንበብ ጀመርኩ። እዚያም እንከን ፍለጋ ነው። ጽሑፉ ጥቃቅን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ግርጌው ላይ “ከተከፈተ በኋላ በደረቅ ማንኪያ ብቻ ይጠቀሙ” ይላል። የእማማ ቃል ነው፣ እትዬ። ማሰሮው አጠገብ በቆምን ቁጥር የምትለን ይህንኑ አልነበር? የእናቴን ምክር እንኳ ወሰዱብኝ አልኩ። ተነሣሁ። ማንኪያ ውሃ ውስጥ ነከርኩ፣ ሳላራግፈው ብልቃጡ ውስጥ ከትቼ እስከ ታች አማሰልኩት። አልተቻኮልኩም። እጄ ሥራውን ያውቀው ነበር።

እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ሁለት ቀን ወረቀቱን አልነካሁትም።

እጄ ሥራውን የሚያውቀው ከሰባ ዘጠኝ ጀምሮ ነው። ወንድማችን አለማየሁ ሲያገባ፣ ሞጆ ሳለን፣ የሰርጉን አዋዜ እማማ ለአንቺ ሰጠችሽ። “ዘውዴ እጅ አላት” ብላ በሴቶቹ ፊት ስትናገር አጠገቧ በርበሬ እየቀነጠስኩ ነበር። አንቺ ተማሪ ቤት ስትሄጂ እኔ ቤት ቀረሁ። ትምህርቱ ያንቺ፣ ሙቀጫው የኔ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር። ያን ዕለት ሙቀጫውንም የወሰድሽብኝ መሰለኝ። ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት እርጥብ ማንኪያ ይዤ ማሰሮሽን ከፈትኩ። ያሻገተው አዋዜሽ አይደለም፣ ዘውድዬ። እኔ ነኝ ያሻገትኩት።

የተከፈተ ዕለት ላዩ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ለብሶ ሲወጣ፣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ እማማ “ከዛሬ ጀምሮ ማሰሮዬን አትንኪ፣ እጅሽ ያሻግታል” ስትልሽ፣ አንቺ ማሰሮውን ራስሽ ተሸክመሽ ከአጥር ጀርባ ደፋሽው። እኔም ተከትዬሽ ወጥቼ አብሬሽ አጠብኩ፣ አጽናናሁሽም። ከሠራሁት ሁሉ ያ ማጽናናቴ ነው ፊቴን የሚያቀላው። ከዚያ በኋላ የእማማ ሙያ ለኔ ሆነ፣ የአረጋሽ እጅ የአረጋሽ እጅ እየተባለ ሠላሳ ስምንት ዓመት ተመሰገንኩበት። አንቺ በዓመቱ ለሥራ ርቀሽ ሄድሽ። በዚያ ምክንያት ይሁን በሌላ ጠይቄሽ አላውቅም፣ መልሱን ስለምፈራው ነው። ባለፈው ገና “እኔማ እጅ የለኝም፣ የታሸገ ነው የምበላው” ብለሽ በስልክ ስትስቂ እኔም አብሬሽ ሳቅሁ።

አሁን የብልቃጡን ልጨርስልሽ። ቀን ቀን ከፍሪጅ አውጥቼ ሙቀት ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ቢሊሴ ከመግባቷ በፊት እመልሰዋለሁ። ሰባት ቀን እንዲህ ሞግዚት ሆንኩለት። ምንም አልሆነም። ማቆያ ነው መሰለኝ የጨመሩበት፣ ቀለሙ እንኳ ንቅንቅ አላለም። በስምንተኛው ቀን ብርሃን ላይ ይዤ ስመረምረው ቢሊሴ ሳላስበው ቀድማ ገባች። ብልቃጡን ከነጠላዬ ሥር ላስገባ ሞከርኩ። እሷ ግን ሳቀችና “አዮ፣ ከወደዱት ለምን ተደብቀው ይበላሉ?” አለችኝ። ነገሩን ማስተባበል አልቻልኩም፤ እውነቱ ከዚያ ይብሳል። ደመወዝ የወጣ ዕለት አንድ ትልቅ ብልቃጥ ይዛ መጣችና “ይሄ የብቻዎ ነው፣ ማንም አይነካብዎትም” ብላ አልጋዬ ራስጌ አስቀመጠችልኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ነው፣ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነቃ ግን ልቤ ቆርጦ ነበር።

ባቱ ወርጄ ለአለማየሁ ነገርኩት። የተበላሸው የሱ ሰርግ ነውና ከሱ ልጀምር ብዬ ነው። የቲማቲም ማሳው ዳር ቆሞ ሁሉንም ሰማኝና “እኔ ሰርጌ ላይ አዋዜ ይኑር አይኑር አላስታውስም” አለኝ። ቀለል አለኝ፣ ሰው ሁሉ የረሳውን ነገር ነው ለካ የተሸከምኩት አልኩ። ቦዩን ሊከፍት ጎንበስ አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ቀና ሳይል “ዘውዴ ግን ቤቴ በመጣች ቁጥር ወጥ ቤት ገብታ አታውቅም። እንግድነት መስሎኝ ነበር” አለኝ። ወደ አዳማ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ይህን ደብዳቤ በልቤ መጻፍ ጀመርኩ።

እትዬ፣ ይቅር በዪኝ ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን በወረቀት ብዬው ተደብቄ መቅረት አልፈልግም። አንቺ የተዋረድሽው በሴቶች ፊት ነው። እኔም በሴቶች ፊት ልናገረው ይገባኛል። ለሆሳዕና እዚህ ብትደርሺ አዋዜው እስከ ሰርጉ ለመድረስ በቂ ጊዜ አለው። በርበሬውን ገዝቼ አዘጋጅቻለሁ። የትህትናን የሰርግ አዋዜ አንቺ ሥሪው። ጎረቤቶቹ ለመቀንጠስ በሚሰበሰቡበት ቀን ማሰሮውን ለአንቺ እሰጥሽና ከሞጆ ጀምሮ ያለውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ከሞጆ ሴቶች ሁለቱ እዚሁ አዳማ ስላሉ እነሱንም አስጠራቸዋለሁ። ለትህትና እስካሁን አልነገርኳትም፣ ብልቃጡን ትተዋለች ብዬም ቃል አልገባልሽም። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ቢቀመጡ ምን ይሆናል።

መምጣት ባትፈልጊ አልቀየምሽም፣ የመቀየም መብት የለኝም። ለሽኩር አልመጣም በዪው፣ ምክንያት መስጠት የለብሽም። እኔ ሴቶቹን ሰብስቤ እናገረዋለሁ፣ ብትኖሪም ባትኖሪም። ብትመጪ ግን ሌላም ነገር ከአሁኑ ልንገርሽ፣ መዋሸት ሰልችቶኛል። ሰው አዋዜሽን አጥቅሶ “ይሄ የማን እጅ ነው?” ብሎ ሲጠይቅና ወደ አንቺ ሲጠቁሙት እቀናለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ፣ አንጀቴ ድብን ይላል። አጠገብሽ ቆሜ እቀናለሁ፤ የማን እጅ እንደሆነ የምመልስላቸውም እኔ ነኝ።

ለጋሼ ሐዲስ እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ፤ ዓይናቸውን ለመታየት ምክንያት እንዲሆናቸው አዳማ ጥሩ ሐኪም አለ ብላለች በዪያቸው። ቤዚን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፣ ለሰርጉ ካልመጣች ትህትና እንደምታኮርፍ ንገሪያት። ለልጇ ለትንሿ ሶረቲ የላክሁት ቀሚስ ጠቧት ከሆነ ጫፉ ውስጥ የታጠፈ ስላለ ይፈታል፤ ቢሊሴ ናት የሰፋችው። ሰይፈሚካኤል፣ ቢሊሴና ትህትና እጅግ አድርገው ሰላም ይሉሻል። አለማየሁም እንደዚሁ።

እህትሽ አረጋሽ
አዳማ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.