ወርቁ የለቀቀው ብርጭቆ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5
ከአሮጌ ዕቃ ተራ አረንጓዴ የብርጭቆ ሳህን ይዤ ገባሁ። ባሌ አየኝና «ስንት ሰው ሊበላበት ነው?» አለ። ማንም አይበላበትም፣ አሮጌ ብርጭቆ ሰብሳቢ ነኝ፤ ስንቴ ላስረዳው? ከሥሩ ማህተም የለውም፣ ግን በጎኑ የቅርጹ መጋጠሚያ መስመር ይታያል... በአፍ የተነፋ ሳይሆን በቅርጽ የተጨመቀ ነው። እራት ላይ ይህን ስተነትን ባሌ አዛጋ። አማቴ ግን ጎበዝ አሉኝ። እኛ ጋ መኖር ከጀመሩ ወዲህ አዳማጭ አገኘሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8
ከሥራ ስመለስ አማቴ ፈገግ ብለው ኩሽና ቆመዋል። ቡፌዬን ከፍተው ብርጭቆዎቼን አጥበውልኛል። በብረት ሽቦ። የብርጭቆዎቹ አፍ ዙሪያ የነበረው ወርቅ ቅብ ሙልጭ ብሏል።
«የሻይ እድፍ ይዞት ነበር፤ አስለቀቅኩልሽ» አሉኝ።
የሻይ እድፍ...
«ከእንግዲህ ዕቃዬን እንዳይነኩብኝ» አልኩ። እርስዎ ማለቴን ግን አልተውኩም። ጨዋ ነው ያሳደገኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 11
ኩሽና መግባት ትተዋል። ውሃ ሲጠማቸው ልጃቸውን ይጠራሉ። ባሌ «እናቴም ልክ ናት፣ አንቺም ልክ ነሽ» ይላል። እንኳን ዳኛ አልሆነ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13
ወርቁ የለቀቀ ብርጭቆ ምን ይባላል ብዬ የአሮጌ ዕቃ ተራውን ነጋዴ ጠየቅኩት። «ብርጭቆ» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17
ባሌ ወጣ ብሏል። አማቴ የሚጠሩት ሰው ሲያጡ ውሃ ሊቀዱ ተነሱ። በር ላይ ሆኜ አየኋቸው። ጆጉን አነሱ... ውሃውን ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ ቀዱት። ከዚያ ብርጭቆውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ፈለጉ።
ታዲያ ወርቁን በምን ዓይናቸው ይለዩት? እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ከፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አያመልጠኝም የምለው። በየቀኑ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ እየበላሁ...
ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ለልጄ እንዳትነግሪው። ሸክም ሆነችብን እንዳትሉ» አሉ።
ጠረጴዛውን ጠረግኩ። ማታ ነገርኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 3
የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለ ዶክተሩ። ስንመለስ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ተይው ልጄ፣ ለዕቃ ብለሽ ነው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13
ዓይናቸው በራ፣ መከራዬ ጀመረ። የጣሪያው ሸረሪት ድር፣ የመጋረጃው ቅባት፣ ሽበቴ... ምን የማይታያቸው አለ?
ዛሬ አሮጌ ዕቃ ተራ አብረን ሄድን። ሰማያዊ ጎድጓዳ ሳህን ወደድኩ። ነጋዴው ከቅድመ አያቱ የወረደ ነው ብሎ ማለ። እኔም ጎኑን ዳሰስኩ፣ በጥፍሬ መታ አድርጌ ድምፁን ሰማሁ፣ ጥንታዊ መሆኑን አረጋገጥኩ። አማቴ ተቀብለውኝ ገለበጡት። ከሥሩ የሱፐርማርኬት ተለጣፊ ወረቀት።
«ዶክተሩ ጋ አሁን ተራው ያንቺ ነው» አሉኝ። ነጋዴው ሳይቀር ሳቀ።
መንገድ ልንሻገር ስንል ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ሰደድኩ። ቀደሙኝ፤ የኔን ያዙ።
«ቁሚ፣ መኪና አለ።»
እውነትም አለ። አላየሁትም ነበር።