ለወንዙ የምትበቃ ፍላሽ

ሮቤ፣ ኅዳር ሲገባደድ

ውድ ጁሀራ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሳላሀዲንስ ደኅና ነው? ይህን ደብዳቤ እኅትሽ ሳቢሪን ጅቡቲ ልትጠይቅሽ ስትመጣ በእጅሽ ታስረክብሻለች። ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስፈለገ እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ላይ አንቺ ትስቂና ወሬውን ታዞሪዋለሽ፤ እኔም አብሬሽ እስቅና የደወልኩበትን ጉዳይ ሳልነግርሽ እዘጋለሁ። ወረቀት ግን ቢስቁበትም ቃሉን አይለውጥም።

ባለፈው በላክሽልኝ ድምፅ ላይ፣ «ምኞት፣ ትልቁን የውሃ ውስጥ ፍላሼን ሳቢሪን ስትመለስ ታምጣልሽ። እኔ ባሕሩ በቅቶኛል» ብለሻል። የፍላሹን ነገር ጮክ ብለሽ ነው የተናገርሽው። ባሕሩ በቅቶኛል ያልሽው ግን ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ነው፣ ድስት እያማሰልሽ ለራስሽ የምታወሪ ይመስል። ሳቢሪን ከዚያ ከመነሣቷ በፊት መልሴን ማወቅ አለብሽ። እኔም አንዴ ካሰብኩበት አይቀር ያሰብኩትን ሁሉ ከሥሩ ልንገርሽ።

መቼም እኔና አንቺ ብርሃን የተማርነው ሠርግ ቤት ነው። የሴቶቹ ዳስ ውስጥ ወንድ ካሜራ ይዞ አይገባምና ከሮቤ እስከ ገሰራ ሙሽራ ባለበት ሁሉ የምንጠራው እኛ ነበርን። ትዝ ይልሽ የለ፣ የሙሽራዋ እናት ከኋላችን ይቆሙና «ልጄ ጠቆረችብኝ፣ ብርሃን ጨምሩ» ይሉናል። እንጨምራለን። አሁንም ይሉናል፣ አሁንም እንጨምራለን። በኢብቲሳም ሠርግ ላይ አክስቷን ፊት ለፊት በፍላሽ አጥለቅልቀናቸው አፍንጫቸው ከፎቶው ጠፍቶ ነበር። እኛ ተሳቅቀን ልንደብቀው ስንል እሳቸው «ማሻአላህ፣ እንዴት አምሮብኛል» ብለው በትልቁ አሳጠቡት። እንዲህ ያለ ትምህርት ከአጥንት አይወጣም።

አንቺ አግብተሽ ጅቡቲ ገባሽ፤ ሳላሀዲን በሚሠራበት የቱሪስት ጀልባ ላይ መጥለቅ ተማርሽ። ያንን ነጠብጣባም ሻርክ ዓሣ አንስተሽ የላክሽልኝ ጊዜ ስቱዲዮ ውስጥ ለጉርድ ፎቶ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ አሳየሁት። አምና ደግሞ የድሮዋን ትንሽ ካሜራሽን ከነውሃ መከላከያ ሽፋኗ ላክሽልኝ። «ባሌ ውስጥ ምን ባሕር አለና?» ብልሽ «ወንዝ ሞልቷችሁ የለም ወይ» አልሽኝ። እውነትሽን ነበር። ዲንሾ አካባቢ የዌብ ወንዝ ገና ቀጭን ነው፣ ውስጡም ትራውት የሚባለው ዓሣ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ተጠብሶ እንጂ ሲዋኝ አይቼው አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ያነሣሁትን ብታዪ ኖሮ ካሜራሽን መልሺ ትዪኝ ነበር። ዓሣው አለ፣ ግን በዓሣውና በእኔ መካከል በረዶ የዘነበ ይመስላል፤ ፎቶው በሙሉ ነጭ ነጠብጣብ ነው። ብርሃኑ አንሶኝ መሰለኝ። የሠርጉን ዘዴያችንን አመጣሁና የካሜራዋን ትንሽ ብልጭታ በቸኮሌት ወረቀት ከብቤ ብርሃኑ አንድም ሳይባክን ፊት ለፊት እንዲሄድ አደረግሁ። በረዶው ባሰበት። ቀጥሎ ካሜራዋ ተበላሽታ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩና ግቢያችን ውስጥ ያለው ሮቶ ላይ ወጥቼ ማንኪያ በክር አንጠልጥዬ ማንሣት ያዝኩ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ሠርከአዲስ በዚህ መሐል ደረሱ።

«ምኞት፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፎቶ እያነሣሁ ነው እትዬ።»

«የምጠጣውን ውሃ? ምን አጥፍቶ?»

ሮቶውን አጥቤ እስክሞላላቸው ድረስ ሰላምታ ከልክለውኝ ነበር። ማንኪያው ግን ጥርት ብሎ ወጣ። ካሜራዋ ደኅና ናት ማለት ነው፤ ጣጣው ወንዙ የሚያንሳፍፈው ደቃቅ አቧራ ነው። አንቺ «ብርሃኑን ከሌንሱ አርቂው፣ ከጎን ይምጣ» ብለሽ ነግረሽኝ ነበር። እኔ ግን የሙሽራ እናቶችን ሰምቼ ያደግሁ ነኝና በጎን የመጣ ብርሃን ሙሽራዋን ግማሽ ፊት የሚያስቀራት ነው የመሰለኝ።

ያሳመነኝ የጫሊ ብርድ ነው። ጫሊን ታውቂዋለሽ፣ ስቱዲዮው ጎን ስልክ የሚጠግነው። ውሃ የማያስገባ የእጅ ባትሪ ነበረውና ወንዝ ድረስ ይዞልኝ መጣ። አጠገቤ ቆሞ ውሃው ውስጥ እንዲያበራልኝ ነበር የተስማማነው። የዲንሾን ውሃ ታውቂው የለ፣ ብዙም አልቆየ፤ «ያ ምኞት፣ ቆሪ ነ አጄሴ፣ ብርዱ ገደለኝ እኮ» ብሎ ወጣ። ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብሎ እጁን ብቻ ውሃ ውስጥ ነክሮ ከሩቅ በጎን በኩል ማብራት ጀመረ። ተቆጥቼ «ወዲህ ና» እያልኩት ነበር ያነሣሁት። ቤት ገብቼ ስከፍተው በረዶው የለም። ዓሣው ሲወራጭ ደብዝዟል፣ ባትሪውም ደካማ ነው፤ ውሃው ግን ንጹሕ ነው። ምሽት በሚኒባስ ወደ ጎባ ስንሄድ የመኪናው መብራት አቧራው ላይ ሲያርፍ መንገዱ እንደሚጠፋብን ማለት ነው። መብራቱ ከዓይናችን አጠገብ ባይሆን ኖሮ መንገዱን እናይ ነበር። ያን ለታ ጉልበት ሳይሆን ቦታ እንደሚያስፈልገኝ ገባኝ።

ከዚያ ምርጫ ውስጥ ገባሁ። አዲስ አበባ አንድ ነጋዴ ጋ ያገለገለ ትልቅ ፍላሽ አለ ተባልኩ። ጫሊ ፎቶውን አይቶ ምራቁን ዋጠ። «ጉልበት ያለውን ያዥ፣ ብርሃን ተርፎ አያውቅም» አለኝ፤ የሮቤ ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው። ነጋዴውን የባትሪ ድንጋዩን ክዳን ከፍቶ በቪዲዮ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ውሃ እንዳይገባ የሚይዘው ጎማ ተሰነጣጥቋል፣ የድንጋዩ መቀመጫም አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ጨው ውሃ ገብቶበት ያውቃል ማለት ነው። አመስግኜ ተውኩት።

ሁለተኛዋ በአንድ እጅ የምትያዝ አዲስ ፍላሽ ነበረች። ጉልበቷ የትልቁን እኩሌታ አይሞላም። ግን እኔ የምሠራው ከወገቤ የማያልፍ ውሃ ውስጥ ነው፤ ዓሣውንም የማነሣው በክንዴ ርቀት ላይ ስደርስበት ነው። ብርሃኗን ማዞሪያዋን ይዤ በእጄ እጨምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። የሠርግ ፍላሻችን የሚበላውን ያንኑ ድንጋይ ትበላለች። ከካሜራዋ ጋር የሚያገናኛትም የካሜራዋን ብልጭታ በውስጡ የሚያሳልፍ ቀጭን ገመድ ብቻ ስለሆነ ሽፋኑን መብሳት አያስፈልግም። ዋጋዋም ሠርግ እየሠራ ለሚኖር ሰው የሚቻል ነው።

ሦስተኛው ያንቺ ነበር፤ ያውም በነፃ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጎምጅቼ ነበር። ድምፅሽን እየደጋገምኩ ስሰማ የምሰማው የፍላሹን ክፍል ብቻ ነበር። ፍላሹን ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ከሚያልፈው ውሃ ከትቼው ዓምዶቹ ከሥር ሲበሩ ሁሉ ታየኝ።

ከዚያ ሳቢሪንን አገኘኋትና የደበቅሽኝን ነገረችኝ። እንዳትቀየሚያት፣ ጎትጉቼ ነው ያወጣሁት። ባሕሩ በደፈረሰበት ቀን ወደ ጀልባው የሚመልስሽ ገመድ ጠፍቶብሽ፣ ፍላሹም እምቢ ብሎሽ፣ ደንግጠሽ በጥድፊያ ስትወጪ ጆሮሽ እንደተጎዳ ነገረችኝ። ሐኪሙ ጆሮሽ ድኗል፣ መጥለቅ ትችያለሽ ካለሽ በኋላም ጀልባው ላይ ቁጭ ብለሽ የሌሎችን ጫማ እንደምትጠብቂ ነገረችኝ። ጁሀራ፣ አለቀስኩ። የፈራሽ ለታ አጠገብሽ ባለመኖሬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ትንሿን አዘዝኳት። በአውቶቡስ መጣችልኝ። ጫሊም ከመስኮት ፍሬም ቁራጭ አሉሚኒየም ክንድ ሠርቶላት ካሜራዋ ጎን ራቅ አድርጎ አሰረልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከዌብ ዳር ስወጣ ከንፈሬ ጠቁሮ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ፎቶውን አሳጥቤ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የዓሣው ጎን ላይ ያሉትን ቀያይ ነጠብጣቦች እያቸው፤ ከሆዱ ሥር ያለው ጠጠር እንኳ አንድ በአንድ ይታያል። ጫሊ ሲያየው «ይሄ እኛ አገር ያለው ነው?» አለኝ። እትዬ ሠርከአዲስም አንድ እንዳጥብላቸው ጠየቁኝ፣ ታርቀናል። ደስ ብሎኛል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው። ፍላሽሽን አልወስድም። ዕቃው አስጠልቶኝ አይደለም፣ እንደ እሱ ያለ ፍላሽ እድሜዬን ሙሉ ብሠራ የምገዛ አይመስለኝም። ግን ያ ፍላሽ ከቤትሽ የወጣ ለታ አንቺም ከባሕሩ ትወጫለሽ፤ ሰው ሲጠይቅሽም «ዕቃዬን ለጓደኛዬ ሰጠሁ» ትዪና ነገሩ ያልቃል። የዚያ ሰበብ መሆን አልፈልግም። ለሳቢሪን ይዛው እንዳትመጣ ስነግራት «ያ ምኞት፣ አበድሽ እንዴ? እንደዚያ ያለ ዕቃ!» ብላ ጮኸችብኝ።

«እሱን ካመጣሽልኝ ጁሀራ ተመልሳ አትገባም» አልኳት።

«ዋላሂ፣ ልክ ነሽ። ብትለምነኝም አልነካውም» አለች። ስለዚህ እንዳትለምኛት።

የሠርጉ ወቅት ጋብ ሲል እመጣለሁ። ሳላሀዲንን አስቀድሜ በስልክ አስፈቅጄዋለሁ፤ ጀልባው ላይ ቦታ ይዞልኛል። መዋኘት አልችልም፣ ታውቂያለሽ፤ ከወገቤ በላይ ውሃ ሲደርስ እጮኻለሁ። ስለዚህ ልውረድ ብዬ አላስቸግርሽም። ፎቶ አንሺልኝም አልልሽም፣ ከፈለግሽ ካሜራውን ቤት ተዪው። ጥቂት ብቻ ወርደሽ ውጪ። እኔ ጀልባው ጠርዝ ላይ ሆኜ፣ ብቅ እስክትዪ ድረስ ዓይኔን ከውሃው አልነቅልም።

የምትወድሽ
ምኞት