የሞተሩን ድምፅ አሰሚው

የኔ ልጅ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው፤ የወጣሽበት መንገድ በሰላም ይመልስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። አባትሽ መርሳቱ ብሶበታል፤ የኔ ስም እንኳ ከጠፋው ከርሟል።

መኪናሽ መንገድ ላይ ቆማብሽ በስልክ የላክሽውን ድምፅ አሰማሁት። ድሮ ጋራዥ ሲሠራ ያደርግ እንደነበረው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና፣ «የውሃ ፓምፑ ነው፤ ሞተሩ እንዳይቃጠል ቶሎ ይጥፋ» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቂኝ። ወዲያው ያንቺ ድምፅ መጣ፤ «አባዬ፣ ብቻዬን ነኝ፣ ምን ላድርግ?» ስትዪ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይቺ ልጅ አሳዘነችኝ። አባቷ ለምን አይመጣላትም?» አለ።

«አንተ እኮ ነህ» ብለው ይደነግጣል ብዬ ዋጥ አደረግሁት። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ፓምፑን ቶሎ አስቀይሪ፤ ነገ ዛሬ አትበይ። ከክፉ ሰውና ከክፉ መንገድ ይሰውርሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ መኪናሽ ተሠርታ ደህና ብትሆንም፣ አንዳንዴ ተበላሸችብኝ ብለሽ ድምፅዋን ላኪለት። ሲያዳምጠው፣ ያቺን ታህል ጊዜ እንኳ አባትሽን ይመስላል።

እናትሽ