አውቶቡሳችን ውስጥ ያስገባኸው ፍሪጅ

ውድ ክላይቭ፣

ውድ ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ዛሬ አፌ ላይ ያለው ሌላ ነው። ወንድምህ ቤት ተቀምጠህ «ንዴቷ እስኪበርድላት ነው» እያልክ ሻይህን ትጠጣለህ አሉ። አልበረደልኝም።

ፐርዝ ሱቁ ውስጥ የሆነውን ላስታውስህ። ጡረታ ወጥተን፣ አሮጌዋን አውቶቡስ ቤት አድርገን አገር ልንዞርባት ስንነሣ የቀረን ፍሪጅ ብቻ ነበር። ሻጩ ከላይ የምትከፈተዋን ትንሿን አሳየን። ቀጥታ በባትሪ ትሠራለች፣ ስትከፈትም ቅዝቃዜው አያመልጥም አለን። አንተ ግን ዓይንህ ባለሁለት በሩ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ይቺማ የልጅ መጫወቻ ናት» አልክ።

«የስኳር መድኃኒቴን፣ ኢንሱሊኔን ከያዘችልኝ ይበቃኛል» አልኩህ።

«ኖሪን፣ በሩ ላይ ያለውን የመብራት ቁጠባ ኮከብ አታዪም እንዴ? ይኼ ሁሉ ኮከብ ተለጥፎበት ምን ትፈልጊያለሽ?»

ሰውዬው ኮከቡ ለቤት ነው፣ ዱር ስታድሩ ሌሊቱን ከየት ልትመግቡት ነው ብሎ ጠየቀህ። ጀርባህን ሰጠኸው።

ካርናርቮን አጠገብ፣ መብራት የሌለበት የባሕር ዳርቻ ላይ ሰፈርን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አብሮን የሰፈረው ሰው ወንበሩን ዘርግቶ መጠጡን ይዞ ሲሰበሰብ አንተ በረዶ አዳይ ሆንክ። «ክላይቭ ካለ በረዶ አለ» ሲሉህ ደረትህ ይነፋል። ባትሪው ግን ሌሊቱን አይዘልቅም ነበር። ከፍሎ መብራት ያለበት ቦታ ማደር ደግሞ በነሱ ፊት ውርደት መሰለህ። ስለዚህ ቀን ፀሐይ እያለች ፍሪጁን እስከ መጨረሻው ታቀዘቅዘዋለህ፣ እኔ ስተኛ ቀስ ብለህ ታጠፋዋለህ። መድኃኒቴ ቀን በረዶ ይሆናል፣ ሌሊት ይቀልጣል። እኔ ምኑንም ሳላውቅ ጠዋት ጠዋት ያንኑ በረዶ ሆኖ ኃይሉን ያጣ መድኃኒት እወጋለሁ።

ስኳሬ ሰማይ ነካ። ጎረቤታችን ግሌኒስ ሳስመልስ አግኝታኝ በመኪናዋ ሆስፒታል አደረሰችኝ። ሐኪሟ መድኃኒቱ በረዶ ሆኖ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀችህ። መናገር አቃተኝ እንጂ እሰማ ነበር።

«ኧረ በጭራሽ» አልክ። «እሷ ኬክ አትተውም እንጂ።»

ኬክ፣ ክላይቭ። ልሞት ስል ኬክ በላች አልክብኝ። ግሌኒስ ልብሴን ልታመጣ ሄዳ ብልቃጦቹን በረዶ ሆነው ባታገኛቸው ኖሮ ተሽሎኝ ወጥቼ ወደዚያው መርፌ እመለስ ነበር። እሷ ስትጠይቅህ መሬት መሬት እያየህ ሌሊት ሌሊት እንደምታጠፋው ነገርካት፣ በማግስቱም ወንድምህ ጋ ነጎድክ።

በስልክ «ፍሪጅ መምረጥ ላይ ማንም ይሳሳታል» አልከኝ። እውነትህን ነው፣ ፍሪጁን ይቅር ብዬሃለሁ። እሱን አስወጥቼ ትንሿን አስገብቻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ትሠራለች፣ ጠዋት ባትሪው ይተርፋል። ኬኩን ግን አልተውልህም። ሰፈርተኛው ያንኑ ከአንተ ሰምቶ እስከ ዛሬ በሆዳምነቴ የታመምኩ ይመስለዋል፤ ግሌኒስንም ከራሱ አፍ ይውጣ ብዬ እንዳትናገር አድርጌያታለሁ። ትናንት አንዷ ብስኩት ስታዞር እኔ ጋ ስትደርስ ዘላኝ ሳህኑን ለሚቀጥለው አሳለፈችው።

እሑድ ሁሉም ይበተናል። ከዚያ በፊት ና። ሰዉ መጠጡን ይዞ ሲቀመጥ ተነሥና፣ ፍሪጁን ሌሊት ሌሊት የማጠፋው እኔ ነበርኩ፣ ለሐኪሟም ዋሽቻለሁ በል። እኔ አንዲት ቃል አላግዝህም። ካልመጣህ ሰኞ አውቶቡሷን አስነሥቼ ወደ ሰሜን እነዳለሁ። መንዳቱን እችልበታለሁ፣ መድኃኒቴም ደህና ነው።

እስከ እሑድ ሚስትህ፣
ኖሪን